ፀሐይን ዓይን አይችላትም፤ ታዲያ በምን ይመለከቷታል?



በዛሬው ዝግጅታችን በየቀኑ አብራን እየዋለች ቀና ብለን ለአፍታ እንኳ ልናያት ስለማንችል አንዲት ታላቅ ፍጥረት እንነጋገራለን። እርሷም ፀሐይ ናት። የሰው ልጅ ዓይኑ የማይችላትን ይህችን ፍጥረት በምን መሣሪያ ይመረምራታል? መሣሪያዎቹስ እንዴት ይሠራሉ? በነገሌ ቦረና ወይም በሞያሌ ለሚኖር ቤተሰብስ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል? ቀጥለን እንመለከታለን።

ፀሐይ ለሙስሊም ቤተሰብ ሰዓት ናት። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከሰማይ አናት ዘንበል ስትል ነው፤ ዐስር የጥላን ርዝመት ይከተላል፤ መግሪብ በመጥለቋ ይገባል። በነገሌ ቦረና ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻ ገደማና በጳጉሜን ሰሞን፣ ፀሐይ በቀትር በትክክል በአናት ላይ ትሆናለች። በእነዚያ ቀናት በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በዚያው አካባቢ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና የተወሰኑ ከዋክብትን እያመሳከሩ፣ 12 ወራትና 354 ቀናት ያሉትን፣ ቀኖቹንም በ27 ስሞች የሚጠራውን የዘመን አቆጣጠራቸውን ለትውልድ አስተላልፈዋል። ይህ ሁሉ ግን በዓይን ብቻ የሚደረግ ምልከታ ነው። ጨረቃንና ኮከብን በዓይን ማየት ይቻላል፤ የፀሐይን ፊት ማየት ግን አይቻልም። የመሣሪያው ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ችግር ነው።

በደቡብ ቆላ የታየው ግርዶሽ

ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ ኅዳር 3 ቀን 2013) እሑድ ዕለት ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የጨረቃ ጥላ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ መካከለኛው አፍሪካን፣ ዩጋንዳንና የቱርካና ሐይቅን አካባቢ አቋርጦ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ በኩል ወደ ሶማሊያ አለፈና ፀሐይ ስትጠልቅ አበቃ። ሙሉው ግርዶሽ በዚያ አካባቢ የቆየው ለሴኮንዶች ብቻ ነው። ከጥላው ዱካ ውጪ በነበሩት የደቡብ ከተሞችም የፀሐይ አብዛኛው ክፍል ተሸፍኖ ታይቷል። ከዚያ በኋላ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች።

ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ሁለት ነገር ይበዛል። አንደኛው ወሬ ነው። እገሌ ሊሞት ነው፣ መቅሠፍት ሊመጣ ነው ይባላል። ይህን ወሬ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገና ያኔ ዘግተውታል። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለእርሱ ሞት ነው ቢሉ፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም መወለድ እንደማይጋረዱ አስተምረው ሕዝቡን ወደ ሶላት መሩ። በራሳቸው ሐዘን ላይ ሳሉ እንኳ ለተሳሳተ እምነት ቦታ አልሰጡም።

ሁለተኛው ነገር የዓይን ጉዳት ነው። ሰው ቀና ብሎ ለማየት ይጓጓል፤ ከሁሉ ይልቅ ልጆች። የፀሐይ ብርሃን የሚያቃጥለው በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ አካል ነው። ይህ አካል የሕመም ስሜት የለውም። ስለዚህ ልጁ ዓይኑ ሲቃጠል አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግሥቱ ግን በሚያየው ነገር መካከል ጥቁር ነጥብ ይታየዋል። ጉዳቱ እንደ መጠኑ ሊሻል ወይም ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ስለ ፀሐይ መመልከቻ መሣሪያ ማወቅ ለየቤታችን የሚያስፈልገን በመጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነው።

ኢብን አልሃይሠምና የቤታችን ወንፊት

ፀሐይን ሳያዩ የማየት ዘዴን በጥልቀት ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል በበስራ የተወለደውና እ.ኤ.አ በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈው ኢብን አልሃይሠም ስሙ በቅድሚያ ይነሣል። ይህ ሊቅ ስለ ግርዶሽ ቅርጽ በጻፈው ድርሳን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በስተጀርባው ካለው ግድግዳ ላይ የፀሐይን ምስል እንደሚጥል፣ ፀሐይ ስትጋረድ ምስሉም እንደ ማጭድ እንደሚሆን፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ እንደሚደበዝዝ አብራርቷል።

ይህ መሣሪያ በሁላችንም ቤት አለ። የዱቄት ወንፊት አምጥታችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ጥላውን በነጭ ወረቀት ላይ ብትጥሉ፣ በግርዶሽ ጊዜ በየቀዳዳው አንዲት ትንሽ ማጭድ ትታያላችሁ። ግራር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰውም በቅጠሎቹ መካከል የሾለከው ብርሃን መሬት ላይ ማጭድ ማጭድ ሆኖ ሲወድቅ ያያል። አንድ ካርቶን በመርፌ ብትበሱ፣ ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ባለው በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት የምስሉ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሁለት ሜትር ብትርቁ 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልብ በሉ! በቀዳዳው ውስጥ ወደ ፀሐይ አንመለከትም፤ የምንመለከተው ወረቀቱ ላይ የወደቀውን ምስል ነው።

ከኢብን አልሃይሠም 600 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1612፣ ጋሊሌዮ በቴሌስኮፕ የገባውን ብርሃን በወረቀት ላይ እየጣለ በፀሐይ ፊት ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በየቀኑ ይስል ነበር። ዘዴው ያው ነው፤ በቀዳዳው ፋንታ መስታወት ገባ።

ትልቁ ቴሌስኮፕና የሙቀት ችግር

በዛሬው ዘመን በዓለም ትልቁ የፀሐይ ቴሌስኮፕ የሚገኘው በሃዋይ ደሴቶች ሃሌአካላ በተባለ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ዳንኤል ኢኖዌ በተባሉት የሃዋይ ሴናተር ስም ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ ምስሎቹ ለሕዝብ የቀረቡት እ.ኤ.አ በጥር 2020 ነው። የዋናው መስታወቱ ስፋት 4 ሜትር ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ትልቅ መስታወት ለምን አስፈለገ? ለኮከብ ቢሆን ብርሃኑ ጥቂት ስለሆነ ለመሰብሰብ ነው እንላለን። ፀሐይ ግን ብርሃን አታጣም። ምክንያቱ ሌላ ነው። መስታወት በሰፋ ቁጥር ጥቃቅን ነገሮችን ለያይቶ የማሳየት ችሎታው ይጨምራል። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በዚህ ርቀት ላይ ይህ ቴሌስኮፕ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ነገር ለይቶ ያሳያል። ይህም ሁለት ሴንቲ ሜትር የምትሰፋን ሳንቲም ከ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለይቶ እንደማየት ነው።

በእነዚያ ምስሎች የፀሐይ ፊት እንደሚፈላ ገንፎ ሆኖ ይታያል። እያንዳንዷ የምትፈላ ክብ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት፤ ከነገሌ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚያህል ማለት ነው። ትኩሱ ከውስጥ በመካከሏ ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ያለው በዳርቻዋ ይሰምጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ጠፍታ ሌላ ትተካለች።

ይሁንና ትልቅ መስታወት ትልቅ ጣጣ ያመጣል። በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል አንድ ኪሎ ዋት ያህል ነው። አራት ሜትር የሚሰፋው መስታወት እንግዲህ ወደ 13 ኪሎ ዋት ይሰበስባል። ይህ ሦስት አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ላይ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ነው፤ ያውም ሁሉም ወደ አንዲት ጠባብ ነጥብ የሚወርድ። ልጆች በአጉሊ መነጽር ገለባ ሲያቃጥሉ ያየ ሰው ችግሩ ይገባዋል።

መሐንዲሶቹ መፍትሔውን እንዲህ አበጁ። ብርሃኑ በሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በውስጡ የሚዘዋወርበት የብረት መከላከያ አቆሙ። በመካከሉ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከፀሐይ ምስል ሊመረመር የተፈለገው ቁራጭ ብቻ በቀዳዳው ያልፋል፤ የቀረው ሙቀት እዚያው ይወገዳል። ዋናው መስታወት ራሱ ከኋላው በአየር ይቀዘቅዛል። ሕንፃውም ቢሆን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የማቀዝቀዣ ቧንቧ የተዘረጋለት ሲሆን፣ በሌሊት በረዶ እየተሠራ ይከማችና በቀን ለማቀዝቀዣ ይውላል።

የሚንቀጠቀጠው አየር

ሁለተኛው ችግር አየር ነው። በደረቁ ወራት ከነገሌ ወደ ፊልቱ ወይም ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በቀትር የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከመንገዱ ላይ ሙቀቱ ሲነሣ በሩቅ ያለው ዛፍና ከብት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ውሃ የሌለበት ሜዳ ውሃ መስሎ ይታያል። ትኩስ አየርና ቀዝቃዛ አየር ብርሃንን እኩል አያሳልፉትም፤ ሲደባለቁ ብርሃኑን ያወዛውዙታል። የሌሊት ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉትም ለዚሁ ነው። የፀሐይ ቴሌስኮፕ ደግሞ የሚሠራው መሬት በምትግልበት በቀን ስለሆነ ችግሩ ይብስበታል።

ለዚህ የተገኙት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ቦታ መምረጥ ነው፤ ተራራ ወይም ሐይቅ። ውሃ እንደ አፈር ቶሎ ስለማይግል በላዩ ያለው አየር ይረጋል። በካሊፎርኒያ ቢግ ቤር ሐይቅ ላይና በህንድ አገር በኡዳይፑር ከተማ ፈቴህ ሳጋር ሐይቅ ላይ የተሠሩት የፀሐይ መመልከቻዎች በውሃ መካከል የቆሙት ለዚህ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ የቴሌስኮፑን ውስጥ ከአየር ባዶ ማድረግ ነው። በላ ፓልማ ደሴት የሚገኘው የስዊድን የፀሐይ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን የሚያሳልፈው አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። ብርሃኑ ወደ ካሜራው ከመድረሱ በፊት ቅርጹን የሚለዋውጥ ስስ መስታወት ላይ ያርፋል። ከመስታወቱ ጀርባ ትናንሽ ገፊዎች ተደርድረዋል፤ በሃዋዩ ቴሌስኮፕ ቁጥራቸው 1600 ነው። አንድ መሣሪያ አየሩ ብርሃኑን ምን ያህል እንዳጣመመው ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ገፊዎቹም መስታወቱን ጠማማነቱ በሚቃናበት መንገድ ይገፉታል። ይህ ሁሉ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ እስከ 2000 ጊዜ ይደጋገማል። አየሩ ያበላሸውን መስታወቱ ያርመዋል ማለት ነው።

ብርሃንን መፈልቀቅ

ጥሩ ምስል ማግኘት ብቻውን እውቀት አይሆንም። ፀሐይ ከምን እንደተሠራች ሄዶ ዘግኖ ማምጣት አይቻልም። ነገር ግን ብርሃኗ መልእክት ይዞ ይመጣል። ዝናብ ሲያባራ ቀስተ ደመና የፀሐይን ብርሃን ወደ ቀለማት እንደሚለያየው ሁሉ፣ በቴሌስኮፑ ውስጥ ያለው መሣሪያም ብርሃኑን እጅግ አስፍቶ ይዘረጋዋል። በዚያ ዝርግ ውስጥ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፤ እንደ ጣት አሻራ ናቸው። ሂሊየም የተባለው ጋዝ እ.ኤ.አ በ1868 በመጀመሪያ የታወቀው በዚህ መንገድ ከፀሐይ ብርሃን ነው፤ በምድር ላይ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነው።

እ.ኤ.አ በ1908 ደግሞ ጆርጅ ሄል የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በጥቁሮቹ ነጥቦች ላይ መስመሮቹ ተከፍለው አየ። መስመር እንዲህ የሚከፈለው ብርሃኑ ከኃይለኛ ማግኔት መካከል ሲወጣ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ ግዙፍ የማግኔት ኃይል የታመቀበት ስፍራ መሆናቸው ታወቀ። የፀሐይ ፊት ሙቀት 5500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን ነጥቦቹ ከዚያ ቀዝቀዝ ስለሚሉ ጠቁረው ይታያሉ። ቁጥራቸውም በ11 ዓመት ገደማ እየተፈራረቀ ይበዛል፣ ያንሳል።

አንድ ችግር ይቀራል። በፀሐይ ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የሚግል፣ ግን እጅግ የሳሳ አክሊል አለ። የፀሐይ ድምቀት ስለሚሸፍነው በዓይን የሚታየው በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ እ.ኤ.አ በ1930 በቴሌስኮፕ ውስጥ ፀሐይን የሚጋርድ ክብ አስገብቶ ያለ ግርዶሽ አክሊሉን ለማየት ቻለ። ዛሬ ይህ ሥራ በጠፈር ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2024 የተላኩ ሁለት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ150 ሜትር ርቀት ተሰልፈው እየበረሩ አንደኛዋ ለሌላኛዋ ፀሐይን ትጋርዳለች። ሰው ሠራሽ ግርዶሽ ይሏል ይህ ነው!

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

እዚህ ላይ አንድ እናት እንዲህ ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው፦ «ይህ ሁሉ ለእኔ ቤት ምኑ ነው?» መልሱ አጠገባቸው ካለው ሬዲዮ ይጀምራል። በቆላው ያሉ ወገኖቻችን ከሩቅ አገር የሚመጣ ድምፅ ለረጅም ዘመን ሲያዳምጡ የኖሩት በአጭር ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ የሚደርሰን በሰማይ ከፍታ ላይ ባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር ላይ እየነጠረ ነው። በፀሐይ ላይ ድንገተኛ ፍንዳታ ሲነሣ ጨረሩ በ8 ደቂቃ ከእኛ ይደርስና የታችኛውን ንብርብር ያወፍረዋል። ያኔ ሞገዱ እዚያው ተውጦ ይቀራል፤ ቀን በሆነበት የዓለም ክፍል ሁሉ ጣቢያው ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ ይጠፋል። ሬዲዮው አልተበላሸም፤ ባትሪውም አላለቀም።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ከፀሐይ የሚወረወረው ግዙፍ የጋዝ ደመና ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ተጉዞ ምድርን ይመታል። እ.ኤ.አ በመስከረም 1859 በደረሰው የቴሌግራፍ መስመሮች ታወኩ። በመጋቢት 1989 በካናዳ የኩቤክ ግዛት 6 ሚሊዮን ሰዎች ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አጡ። በግንቦት 2024 የመጣው ኃይለኛ ማዕበል የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚዎችን አዛባ። አውሮፕላን፣ ስልክ፣ ባንክና የኤሌክትሪክ መስመር ዛሬ በሳተላይትና በሽቦ የተሳሰሩ ናቸው። የእነዚህ ማዕበሎች ሥር ያለው በእነዚያ ጥቁር ነጥቦች የማግኔት ኃይል ውስጥ ነው። ቴሌስኮፖቹ ነጥቦቹን የሚከታተሉት ማዕበሉ ከመነሣቱ በፊት ምልክቱን ለማወቅ ነው።

ሀገራችንም በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አላት። የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ስለሆነ የፀሐይ ተጽዕኖ በላይኛው አየር ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ጎልቶ ይለካል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድርን ማግኔት የሚለካው ጣቢያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነዚህ የተሠሩት ለሌሊት ከዋክብት ነው። ፀሐይን የሚመረምር ትልቅ መሣሪያ የሚሠሩ እጆች ወደፊት ከነገሌ፣ ከፊልቱና ከያቤሎ ትምህርት ቤቶች ሊወጡ ይችላሉ። ለዚያም ልጆቹ ዓይናቸውም ፍላጎታቸውም በጤና ሊቆይላቸው ይገባል።

ለሐምሌ 26 እንዘጋጅ

ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ ነሐሴ 2 ቀን 2027) የጨረቃ ሙሉ ጥላ ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በሰሜን ሶማሊያ ላይ ያልፋል። መካና ጅዳ በጥላው ዱካ ውስጥ ናቸው፤ መካ ለ5 ደቂቃ ያህል ሙሉ ግርዶሽ ይሆንባታል። በሀገራችን ግርዶሹ ከፊል ነው። በሰሜንና በምሥራቅ የሚሸፈነው ክፍል ይበዛል፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ ይቀንሳል። ከፊል ግርዶሽ ማለት ደግሞ ፀሐይ ለአንድም አፍታ በባዶ ዓይን የማትታይበት ግርዶሽ ማለት ነው።

ስለዚህ በየቤታችን እነዚህን እንያዝ፦

1. ለግርዶሽ ተብሎ በደረጃው የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የበያጅ መስታወት ካልሆነ በቀር ወደ ፀሐይ አይታይም። የተጫረ ወይም የተቀደደ መነጽር ይጣል።

2. የኤክስሬይ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ የተለመደው የፀሐይ መነጽርና ሲዲ አይከላከሉም። ብርሃኑን አደብዝዘው ዓይን እንዲፈዝ ያደርጋሉ እንጂ የሚጎዳውን ጨረር አያስቀሩም።

3. በሳፋ ውሃ ውስጥ የፀሐይን ምስል ማየትም ዓይን ይጎዳል።

4. በርቀት መነጽር ወይም በቴሌስኮፕ፣ የግርዶሽ መነጽር ተደርጎም ቢሆን፣ አይታይም። የተሰበሰበው ሙቀት የመነጽሩን ፊልም አቅልጦ ዓይንን ያቃጥላል። ቴሌስኮፕ መከላከያውን የሚፈልገው ከፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል ነው።

5. ለልጆች ከሁሉ የሚሻለው ወንፊቱና የተበሳው ካርቶን ነው። ዋጋ የለውም፤ አደጋም የለውም።

ወላጆችና የመድረሳ ኡስታዞች ይህን ከቀኑ አስቀድመው ለልጆቹ ቢያሳዩ መልካም ነው። የሶላቱ ጥሪ ሲሰማ ወደ መስጂድ የሚሄደው ልጅ ፀሐይ ለምን እንደተጋረደች አውቆ፣ ወሬ ሳይሰማ፣ ዓይኑም ሳይጎዳ ይሂድ።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ እውቀት ይጨምርልን፤ የልጆቻችንን ዓይን ይጠብቅልን።